እጅ የማይነካው ወንፈል

አያ ሰጠኝ ውቤ ጎንደር ከተማ የገባው ዶማውን በትከሻው እንደ ተሸከመ ነው። አራዳ ላይ ያየው ሁሉ ሳቀበት። ይሳቅ! ወንፈል የሚመልስ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። የጨነቀው ሳቁ አይደለም፤ የሚሠራውን ሥራ አለማወቁ ነው እንጂ። ከአስታ ምድር እስከ ጎንደር በጭነት ማኪና ላይ ሲንገላታ፣ አስቦ አስቦ፣ ጠብ ያለለት ነገር የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኅዳር ልመልሳችሁ።

አስታ ምድር ከደባርቅ በላይ ያለች ብርዳም የገብስ አገር ናት። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ሊጥል ነው ተባለ፤ የአያ ሰጠኝ ገብስ ደግሞ ገና ሳይታጨድ እንደ ቆመ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ጎጆ ወጥተው ርቀዋል። ምን ያድርግ? ወንፈል ጠራ። ወንፈል እንግዲህ ቀን በቀን ነው፤ ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን። የታመመ ሰው በፈንታው ሌላ ይሰዳል። መጥቶ እጁን አጣጥፎ የቆመ ግን ቀኑ አይቆጠርለትም። የአስታ ምድር ሰው ሌላውን ሕግ ሁሉ ቢረሳ ይህችን አይረሳም።

ያን ቀን ማንም ሳይጠራው የተማሪ ቤቱ የስፖርት አስተማሪ መምህር አላምረው ከች አለ። የጎንደር ከተማ ልጅ፣ ከነቆዳ ጫማው! ማጭድ አያያዙን ላየው ያሥቃል፣ ያሳዝናልም። ከአጫጆቹ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጣቱን ቆረጠ፤ የተቆረጠ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ አጨደ። ጠላው ሲቀርብ ሰዎቹ ይቀልዱ ጀመር። "የመምህር ቀን ደግሞ ቀን ነው? ግማሽ እንኳ አይሞላ!"

አያ ሰጠኝ ተቆጣ። "ቀን ቀን ነው! ፀሐይዋ ለሱ ስትል ቀድማ አልገባች! የመምህር አላምረው አንድ ቀን አለብኝ፤ ስሙኝ!" አለ። ሰው ፊት ነው የተናገረው፤ ሰው ፊት የወጣች ቃል ደግሞ ተመልሳ አትዋጥም።

ግንቦት ላይ መምህር አላምረው ጉድባ ሲዘል እግሩ ወለም አለውና እንደ ቅል አበጠ። አያ ሰጠኝን አስጠራው።

"አያ፣ ቅዳሜ ጎንደር ላይ የተማሪ ቤቶች የጅምናስቲክ ውድድር አለ" አለው ከአልጋው ላይ ሆኖ። "ሕጉ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቤት ሁለት አሠልጣኝ ይላል። አንዱ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ እሳቸው ዲሬክተራችን ናቸው። ሁለተኛው ከሣጥኑ አጠገብ ይቆማል፤ እሱ እኔ ነበርሁ። ሁለት ካልሞላን ልጆቹ አይዘሉም። የጎረቤትዎ ልጅ ይመኙሽ ደግሞ ዘንድሮ ካልዘለለች ሌላ ዓመት የላትም፤ የእኛ ተማሪ ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። አንደኛ ከወጣች አዲስ አበባ ወስደው ያሠለጥኗታል፣ ያስተምሯታልም። የኅዳሩን ቀኔን ይመልሱልኝ፤ በእኔ ፈንታ ይቁሙልኝ።"

"ይመለሳል!"

"ገባዎት?"

"ገብቶኛል።"

ምኑ ገባው! ከዚያ ሁሉ ንግግር የገባው "ቀኔን ይመልሱልኝ" የምትለው ብቻ ናት። ጅምናስቲክ ምንድን ነው? ሣጥኑ ውስጥስ ምን አለ? ከሣጥን አጠገብ የሚቆም ሰው ዘበኛ ነው፤ ሣጥኑ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ምን ሆነው ይዘላሉ? መጠየቅ ነበረበት። ግን ቀን ያለበት ሰው ጥያቄ ሲያበዛ ሰበብ የሚፈልግ ይመስላል። ስለዚህ አፉን ዘግቶ፣ ዶማውን ስሎ ተነሣ።

ቅዳሜ ጧት የውድድሩ ሜዳ በሰው ተሞልቷል። በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚመዘግበው አቶ በላቸው የሚባል ሰው ነበር።

"ስም?" አለ ቀና ሳይል።

"ሰጠኝ ውቤ።"

"ዶማህን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሣ። ሥራ?"

"ገበሬ።"

አሁን ቀና አለ። "እዚህ የተጻፈው አሠልጣኝ አላምረው የሚል ነው።"

የአስታ ምድሩ ዲሬክተር አቶ ሐብተ ማርያም፣ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ጢማቸውን እያሻሹ ቀረቡ። "በፈንታው የመጣ ነው" አሉ።

"አሠልጣኝ በፈንታ ይመጣል እንዴ?"

"እግሩን ታመመ እኮ ጌታዬ!" አለ አያ ሰጠኝ። ይህቺን እንኳ ያውቃታል። "የታመመ ሰው በፈንታው ሌላ ይሰዳል። ሕግ ነው።"

ሕግ የሚለውን ሲሰማ አቶ በላቸው የውድድሩን ደንብ ገለጠ፤ ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። ደንቡ ሁለት አሠልጣኝ ይምጣ ይላል፤ በፈንታ አይመጣም ግን አይልም። ላቡን ጠረገ።

"አሠልጥነህ ታውቃለህ?"

"ምን?"

"ማንንም! የማይችለውን ገርተህ ለሥራ አብቅተህ ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ።"

"ወይፈን ገርቻለሁ። ከስምንት ጥማድ በላይ።"

አቶ በላቸው ብዕሩን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ ደግሞ አነሣ። በመጨረሻ "ልምድ አለው" ብሎ ጻፈና ቀይ ጨርቅ ክንዱ ላይ አሰረለት። ጉድ እኮ ነው፤ ጨርቁ ከታሰረ ወዲያ አንተ ይል የነበረው ሰው እርስዎ ማለት ጀመረ። "ዶማዎን እዚያ ጥግ ያኑሩት፣ አሠልጣኝ" አለው።

ሣጥኑን አየው። ደረት የሚደርስ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ከላይ ቆዳ ለብሷል፤ ከወዲህ ልጆቹ ረግጠው የሚነሡበት ሳንቃ አለ፤ ከወዲያ ገለባ የተጠቀጠቀበት ፍራሽ። አያ ሰጠኝ ጠጋ ብሎ በጣቱ አንኳኳው።

"ባዶ ነው!" አለ ደንግጦ።

"ባዶ ነው እንዴታ" አሉ አቶ ሐብተ ማርያም።

"ታዲያ ምኑን ነው የምጠብቀው?"

"ሣጥኑን ማን ጠብቅ አለህ? ልጅቱን ነው እንጂ!"

"ከማን?"

ቅኔ የተማሩት ሰውዬ ወደ ፍራሹ ጠቆሙ። "ከ... ከመሬቱ" አሉ። "እናቷ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በአደራ ነው የሰጠችኝ። ብትወድቅ ትይዛታለህ። አለቀ።"

ልጅቱን ከመሬት መጠበቅ! እሺ፣ ይሁን። ግን ይህችን እንኳ ሳያጣጥማት የዝላዩ ዳኛ መጣ። መምህር ዐብዱረሕማን ይባላል፤ የአራዳ ነጋዴዎች ልጅ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ትሑት ሰው።

"አሠልጣኝ፣ ልጅቱን ከነኳት አንድ ነጥብ ይቀነስባታል" አለው።

"ብትወድቅሳ ጌታዬ?"

"ብትወድቅማ ይይዟታል።"

"ከያዝኋትስ?"

"ይቀነሳል።"

"ካልያዝኋትስ?"

"ታዲያ ለምን ቆሙ?" አለና ዳኛው ወደ ወንበሩ ሄደ።

አያ ሰጠኝ ዞረበት። አንዱ ያዝ ይላል፣ አንዱ አትንካ ይላል፣ አንዱ ዝም ብለህ ቁም ይላል። ከሁሉ የባሰበት ግን ሌላ ነው። እጅን አጣጥፎ የቆመ ሰው ቀኑ አይቆጠርለትም! ስድስት ወር ሙሉ የተሸከማትን ቀን ሳይመልሳት ሊመለስ ነው። ምነው ባልመጣሁ አለ። ዙሪያውን ሲቃኝ ልጆቹ የሚያርፉበት ፍራሽ ሥር መሬቱ ድንጋይ መሆኑን አየ። እሰይ! ሥራ ተገኘ! ዶማውን ከጥጉ አንሥቶ መሬቱን ያለሰልስ ጀመር። ሦስት ጊዜ እንደ ቆፈረ የአቶ በላቸው ፊሽካ ጆሮውን በጠሰው።

"ምን እየሠሩ ነው?!"

"ወንፈሌን!"

ሜዳው በሣቅ ፈረሰ። አያ ሰጠኝ ያን ጊዜ ማልቀስ አማረው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የማያውቀው ሥራ ገጥሞት አያውቅማ።

ዶማውን ቀስ ብላ ከእጁ የተቀበለችው ይመኙሽ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ ልጅ። ነጭ ሸሚዝና ከጉልበት የሚደርስ ጥቁር ሱሪ ለብሳለች፤ አያ ሰጠኝ የጎረቤቱን ልጅ በሱሪ ሲያያት ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣና መሬት መሬት አየ።

"ልጄ፣ አንቺ እንኳ ሥራዬን ንገሪኝ። አእምሮዬን ልስት ነው" አላት።

"መምህር አላምረው ሲቆም እጁን እንዲህ ያዘጋጃል፤ ግን አይነካኝም። እሱ መኖሩን ካወቅሁ አልፈራም።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"መኖር ብቻ? እሱማ ምን ሥራ ነው!"

"ለእኔ ሥራ ነው" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አያ፣ ያዙኝ ካልሁ ይያዙኝ። ካላልሁ ግን እንዳይነኩኝ። አዲስ አበባ መሄድ እፈልጋለሁ። መማር እፈልጋለሁ። ይማሉልኝ።"

"ሚካኤልን! ካልጠራሽኝ አልነካሽም" ብሎ ማለላት። ማለና ትንሽ ቀለል አለው። ቢያንስ አሁን ትእዛዙ አንድ ሆነ፤ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ነው።

እያንዳንዷ ልጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ትዘላለች፤ ሁለቱ ነጥብ ይደመራል። የከተማዋ ልጅ ጦይባ ቀድማ ጨረሰችና አሥራ ሰባት አገኘች። ሜዳው አጨበጨበላት፤ ይገባታልም፤ ወፍ ናት። ይመኙሽ በመጀመሪያው ዝላይዋ ዘጠኝ አገኘች። አያ ሰጠኝ ነጥብ አያውቅም፤ ከአቶ ሐብተ ማርያም ጢም ውስጥ የወጣውን ፈገግታ አይቶ ግን ሸጋ ነገር እንደ ሆነ ገባው። እሱስ ምን ሠራ? ቆመ። እጁን አዘጋጀ። አልነካም። በብብቱ ላብ ሲንቆረቆር ተሰማው፤ ቀኑን ሙሉ ያረሰ ያህል ደከመው። ይህን ድካም ምን እንደሚሉት አላወቀም።

"ሁለተኛውን ስምንት ተኩል ካገኘች በላይ ሆነች ማለት ነው!" አሉ አቶ ሐብተ ማርያም ከአግዳሚው ላይ።

ካፊያ ጀመረ። ይመኙሽ ከሩቅ ቆማ አያ ሰጠኝን አየችው፤ መኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ ሮጠች። ሳንቃውን ረገጠች፤ ተነሣች፤ ሁለት እጇን ቆዳው ላይ አሳረፈች። ቆዳው ረጥቦ ነበር። ግራ እጇ አዳለጣት። እግሮቿ ሰማይ ላይ እንዳሉ ወገቧ ወደ ጎን ዘመመ፤ ጭንቅላቷ ወደ ሣጥኑ ጠርዝ መጣ። ፊቷ ከፊቱ ክንድ አይርቅም። ዓይኗ ዓይኑን ያያል። አፏ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ጥሪኝ! አለ በልቡ። ልጄ፣ ጥሪኝ እንጂ! አልጠራችም።

እጆቹ ሄዱ። እሱ አላዘዛቸውም፤ ሚካኤል ምስክሬ ነው ይላል እስከ ዛሬ። ወገቧን ያዘና እንደ ነዶ ፍራሹ ላይ አኖራት።

ዳኛው መምህር ዐብዱረሕማን ከወንበሩ ተነሣ። "እስክትነካ ድረስ ያየሁት ስምንት ተኩል ነው። አሠልጣኝ ነክቷታል፤ አንድ ይቀነሳል" አለ። ተደመረ። አሥራ ስድስት ተኩል። ጦይባ አንደኛ።

"አልጠራሁም!" ብላ ጮኸች ይመኙሽ። "አልጠራሁም እኮ! ምነው ያዙኝ?"

"ልትወድቂ ነበር ልጄ።"

"አልወድቅም ነበር! ምለውልኝ አልነበር?"

አያ ሰጠኝ ግራ ገብቶት ወደ ዳኛው ሄደ። "ጌታዬ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ትወድቅ ነበር ወይስ አትወድቅም?"

መምህር ዐብዱረሕማን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። "አላህ ያውቃል። እኔ ከዚያ በኋላ ያየሁት የእርስዎን እጅ ብቻ ነው" አለ።

ሲመለሱ ይመኙሽ ማኪናው ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ አያ ሰጠኝ ትከሻውን ዳበሰ። ዶማውን እዚያው ጥግ ረስቶት መጥቷል። ለዶማው እንኳ ማዘን አልቻለም።

በቀጥታ ወደ መምህር አላምረው ቤት ሄደ። "ቀንህ አልተመለሰም" አለው ከበሩ ሳይገባ፤ የሆነውንም ሁሉ ነገረው። "ሌላ ቀን ቁረጥልኝ። እርሻ ይሁን፣ እንጨት ፈለጣ ይሁን፣ እኔ የማውቀው ይሁን።"

"አንገቷ ደኅና ነው?" አለ መምህር አላምረው።

"ደኅና ነው። ወደ እኔ ግን አይዞርም።"

"እንግዲያው ቀኔ ተመልሷል፣ አያ።"

"የቱ ነው የተመለሰው? እጄን ባጣጥፍ ሥራ አልሠራሁም፤ እጄን ብዘረጋ ሥራ አበላሸሁ። የቱን ነው የተቀበልኸኝ?"

መምህሩ ሊያስረዳው ሞከረ፤ አያ ሰጠኝ "ገብቶኛል" ብሎ ወጣ። አልገባውም።

ስለ መሐላው ደግሞ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። "አባቴ፣ በሚካኤል ምዬ አፈረስሁ" አለ።

"ምን ብለህ ነበር የማልኸው?"

"የምትወድቅ ልጅ አልይዝም ብዬ።"

ቄሱ በመስቀላቸው ባረኩት። "አርባ ስግደት ስገድ" አሉት። "ስላፈረስኸው አይደለም፤ ስለማልኸው ነው።" ሄዶ ሰገደ። ስግደቱ ወገቡን አመመው እንጂ ልቡን አላቀለለውም። የልጅቱ ተማሪ ቤት በሰኔ አለቀ። ክረምቱን ሙሉ የእናቷን ቤት ደጅ ስትጠርግ፣ ውሃ ስትቀዳ ያያታል። ከሩቅ ስታየው መንገድ ትለውጣለች። በእነዚህ ሁለት እጆቼ ነው ዕድሏን የሰበርሁት ይላል ማታ ማታ፣ እጆቹን እያገላበጠ። ደግሞ ያ የሣጥን ጠርዝ ይመጣበታል፤ ደግሞ ያ የተዘጋ አፍ። መልሶ ይደናገረዋል።

ኅዳር ሲመጣ ገብሱ ደረሰ። ወንፈል ጠራ። ሰዎቹ መጡ፤ መምህር አላምረውም በዳነ እግሩ መጣ። አጫጆቹ ተሰልፈው ሊጀምሩ ሲሉ ከአጥሩ በኩል ይመኙሽ ብቅ አለች። የእናቷን ማጭድ ይዛለች። ማንንም ሳታይ መጥታ ከአያ ሰጠኝ ጎን ቆመች።

"በማን ፈንታ መጣሽ ልጄ? እናትሽ ደኅና አይደለችም እንዴ?" አላት።

"በማንም። የራሴ ነው። የአንድ ቀን አለብኝ።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ። የግንቦቷ ቀን።"

"እሷማ የመምህር ናት፤ ተመለሰች ብሎኛል እኮ።"

ይመኙሽ መሬት መሬት እያየች ማጭዱን በእጇ አዞረች። "መምህር አልነበረም እዚያ" አለች። "የወደቅሁት እኔ ነኝ።"

"አልወድቅም ነበር ብለሽ..."

"ብዬ ነበር" አለችና ጎንበስ ብላ ማጨድ ጀመረች።

ከአጫጆቹ አንዱ ሣቀ። "የልጅ ቀን ደግሞ ቀን ነው? ሩብ እንኳ አይሞላ!"

"ቀን ቀን ነው!" ብሎ ጮኸበት አያ ሰጠኝ፤ ሰውየውም አጎንብሶ ማጨዱን ያዘ።

ልጅቱ አጨዳ አታውቅም። ገብሱን ዝቅ አድርጋ ጨበጠችው፤ ማጭዱ ወደ ጣቷ ተጠጋ። የአያ ሰጠኝ እጅ ሄደ።

"አያ! እንዳይነኩኝ!" አለች ቀና ሳትል፤ ትከሻዋ በሣቅ ይንቀጠቀጣል። "ይቀነስብኛል!"

አያ ሰጠኝ እጁን መለሰ። ሰልፉ ጥሏቸው ወደ ፊት ሄደ፤ እሱ ግን እስከ ማታ ከአጠገቧ አልራቀም።